ገንዘቡ በየት በኩል ይግባ? ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የኦንላይን ገቢ ማሰባሰቢያ ንጽጽር

ለልጆች ምሳ፣ ለአረጋውያን መጠለያ ወይም ለገጠር ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ የተቀመጠ ቦርድ ሻዩ ገና ሳይቀዳ «ጎፈንድሚ በሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ዘመቻ እንክፈት ወይስ ቲክቶክ ላይ እንውጣ?» ወደሚለው ክርክር ይገባል። ለሁለት አነስተኛ ማኅበራት በበጎ ፈቃድ ሒሳብ ስይዝ ይህን ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መልሱ ግን ከመድረኩ ስም አይጀምርም። ሰጪያችሁ ማን ነው? አዲስ አበባ ያለ የቴሌብር ተጠቃሚ ነው? አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ነርስ ናት? ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት? የሦስቱም ልብ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘባቸው የሚመጣበት በር ግን ለየቅል ነው። በሩን የተሳሳተ ድርጅት ወይ ገንዘቡን በመንገድ ያጣዋል፣ ወይ ሰጪውን ያጣዋል፣ አንዳንዴም ሰጪውን ከሕግ ጋር ያጋጨዋል።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

አንደኛው መለኪያ ሰጪው ያለበት አገርና በእጁ ያለው መክፈያ ነው። ይህ ካልታወቀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ከተሰጠው 100 ላይ ስንቱ ድርጅቱ ሒሳብ ይገባል የሚለው ነው። እዚህ ላይ መቶኛውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የካርድ ክፍያ የሚያስተላልፉ ኩባንያዎች ከመቶኛው ሌላ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ቋሚ ሳንቲም ይቆርጣሉ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደውን 2.9 በመቶ ሲደመር 30 ሳንቲም እንውሰድ። 100 ዶላር ከሰጠ ሰው 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይቆረጣል። 5 ዶላር ከሰጠው ወደ 45 ሳንቲም ይሄዳል፤ ይህ 9 በመቶ ገደማ ነው። 1 ዶላር ከሰጠው ደግሞ ሲሶው በመንገድ ይቀራል።

በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳያስፖራው በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ጠይቀው፣ የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ የተቋቋመው በዚያ ጥሪ መነሻ ነው። «በቀን 1 ዶላር» ለጆሮ የሚጥም፣ ማንም የማይከብደው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ያቺ ዶላር በየቀኑ ከካርድ ብትቆረጥ፣ ከላይ ባለው ሒሳብ ከወሩ 30 ዶላር ወደ 10 ዶላር የሚጠጋው በአገልግሎት ክፍያ ያልቃል። 30ው ዶላር በወር አንዴ ሲከፈል የሚቆረጠው 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በቀን አቅርቡ፣ ገንዘቡን ግን በወር ሰብስቡ።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ የሰጪው ስምና አድራሻ በእጃችሁ ይቀራል ወይ የሚለው ነው። ዛሬ 500 ብር የሰጠች ሴት ልጆቹ ምሳ ሲበሉ የተነሡትን ፎቶ በሦስተኛው ወር ካልደረሳት፣ የሚቀጥለውን ዓመት ዘመቻ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስሟን ሳይዝ ብሯን ብቻ የሚያመጣላችሁ መንገድ ክፍያው ቢረክስ እንኳ ውድ ነው።

አራተኛው ደረሰኝና የግብር ቅናሽ ነው። አምስተኛው ሕግ ነው። ስድስተኛው የሰው ጉልበት ነው፤ ስልክ የሚመልስ፣ ክፍያ የሚያመሳክርና ምስጋና የሚጽፍ ሰው አላችሁ ወይ?

አጭር ቁጥር

ለሕዳሴው ግድብ በ8100 የተሰበሰበውን የማያስታውስ የለም። የአጭር ቁጥር ጉልበቱ ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ጭምር መስጠት መቻሉ ነው። የሚሰጠው ከስልኩ ካርድ ላይ ስለሆነ የባንክ ሒሳብ አያስፈልገውም። ለሰፊ ሕዝብና በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ለሚታወቅ ጉዳይ ይህን የሚያህል የለም።

ለትንሽ ማኅበር ግን አልመክረውም። ቁጥሩን ለማግኘት ከቴሌኮሙ ጋር ውል መግባት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ በሰው አእምሮ እንዲቀር ያለማቋረጥ መተዋወቅ አለበት፤ የሰጪው ስም አይመጣም። ውሉን የምትፈርሙ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይስፈርላችሁ፤ ከእያንዳንዱ መልእክት የእናንተ ድርሻ ስንት ነው? ገንዘቡስ በስንት ቀን ይተላለፋል?

ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገር ውስጥ ላለ ሰጪ የመጀመሪያው በር ይኸው ሆኗል፤ ተመዝጋቢዎቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሲቢኢ ብር፣ ኤምፔሳና የየባንኮቹ መተግበሪያዎችም በዚያው መስመር ይቆማሉ። ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ደግሞ እንደ ቻፓ ባሉ ክፍያ አስተላላፊዎች በኩል እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ማሰለፍ ይችላል።

እዚህ ያለው ትልቁ አደጋ ከክፍያው መጠን ጋር አይገናኝም፤ አደጋው የግል ሒሳብ ነው። «ለጊዜው በጸሐፊዋ ቁጥር ይግባ» ተብሎ የተጀመረ ነገር ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል። ገንዘቡ ሳንቲም ሳይጎድል ቢደርስ እንኳ ጥርጣሬው አይጠፋም። በድርጅቱ ስም የነጋዴ ቁጥር አውጡ፤ የኪውአር ኮዱን ከበራሪ ወረቀቱ እስከ ሠርግ መጥሪያው ለጥፉት። በስክሪንሾት አትመኑ። ሐሰተኛ የክፍያ ምስል መሥራት የደቂቃ ሥራ ነውና፣ ሒሳብ ያዣችሁ የግብይቱን ቁጥር ከራሱ መግለጫ ጋር ሳያመሳክር «ደረሰን፣ እናመሰግናለን» እንዳይል።

ገንዘቡ ሲተላለፍ በሚሞላው «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ ሰጪው ስሙንና «ለምሳ» ወይም «ለግንባታ» የሚል አንድ ቃል እንዲጽፍ ጠይቁ። በዓመቱ መጨረሻ ለኦዲተር የምትሰጡት መልስ በዚያች ቃል ላይ የቆመ ነው።

የቀጥታ ስርጭት

የካቲት 2017 ዓ.ም. ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዩቲዩብ ቻናሉ በዶንኪ ቲዩብ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያካሄደው የቀጥታ ስርጭት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አሰባስቧል። ከዚያ ወዲህ «እኛም ላይቭ እንግባ» የማይል ቦርድ የለም። ነገር ግን ያ ውጤት ከባዶ አልተነሣም። የማዕከሉ መሥራች ቢኒያም በለጠና ባልደረቦቹ ከመንገድ ያነሡአቸውን ሰዎች ሲያጥቡና ሲያበሉ ሕዝቡ ለዓመታት አይቷል። ስርጭቱ ያንን የተጠራቀመ እምነት ወደ ብር ቀየረው። እምነቱ ያልተጠራቀመለት ድርጅት በዚያው ካሜራ ፊት ቢቀመጥ ያን ውጤት አያገኝም።

ለንጽጽራችን ዋናው ነገር ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን ቦታ ገንዘቡ ከሚገባበት መለየት ነው። ዩቲዩብ በስርጭቱ መካከል ከሚላከው የሱፐር ቻት ገንዘብ 30 በመቶውን ይወስዳል። የቲክቶክ ስጦታ ከዚህም ይብሳል። ቢቢሲ በ2022 እ.ኤ.አ. በሶርያ መጠለያ ጣቢያዎች ባደረገው ምርመራ፣ ቤተሰቦች በቀጥታ ስርጭት ከሚሰጣቸው ስጦታ እስከ 70 በመቶው በኩባንያው ዘንድ እንደሚቀር አሳይቷል። ሰጪው አንበሳና ጽጌረዳ ሲልክ ለልጆቹ የሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ከስርጭቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ስጦታ አትላኩ፣ በዚህ ቁጥር አስገቡ» የሚል ጽሑፍ ከስክሪኑ ላይ አይውረድ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው በገንዘብ አይለካም። በስርጭት መካከል የታመመ ሰው ፊት፣ የተራበ ልጅ ስም፣ የተደፈረች ልጅ ታሪክ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ያቺ ልጅ አሥር ዓመት ቆይታ ሥራ ስታመለክት ቪዲዮው እዚያው ይጠብቃታል። ካሜራ ከመብራቱ በፊት የሚታየው ሰው ምን እንደሚነገርበት አውቆ የፈቀደ ይሁን። ሕፃን ከሆነ አሳዳጊው ቢፈቅድ እንኳ ፊቱን አታሳዩ። ምሳ የሚበላበትን ሳህን፣ የሚማርበትን ወንበር፣ የምታበስለውን እናት አሳዩ፤ ሰጪ በዚህም ይሰጣል።

የዙም ቴሌቶን

በኮሮና ዘመን አዳራሽ ሲዘጋ ቴሌቶኑ ወደ ዙም ገባ፤ አዳራሹ ከተከፈተ በኋላም ከዚያ አልወጣም። ከአትላንታ እስከ ቴል አቪቭ ያለውን ሰው በአንድ ምሽት ያገናኛል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። በጨረታ የሚሸጥ ሥዕል፣ የአንድ ክፍል ወንበር «የእከሌ ቤተሰብ» ተብሎ መሰየም፣ በከተማ በከተማ ማፎካከር፣ ሁሉም እዚህ ይሠራል።

ሕመሙ ቃል የተገባው ገንዘብ ነው። ከያዝኳቸው ማኅበራት በአንዱ የዙም ምሽት ጭብጨባው ቤቱን ሞልቶ፣ ሰው እንባ እያነባ «ሁለት ሺህ ዶላር! ሦስት ሺህ ዶላር!» ሲል፣ ስም መዝጋቢያችን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፈች። ዓመት ሲሞላ የገባው ከተባለው ግማሽ እንኳ አልነበረም። ጥፋቱ የሰጪዎቹ አልነበረም። ግማሾቹ በየትኛው ሒሳብ እንደሚያስገቡ አልተነገራቸውም፤ ሌሎቹ ያስታወሳቸው ሰው አጥተው ጊዜው አለፈባቸው፤ የአንዳንዶቹ ስልክ ቁጥርማ ጨርሶ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ቃል የገባ ሁሉ ዙሙን ሳይዘጋ የመክፈያው ማስፈንጠሪያ በስልኩ እንዲደርሰው፣ ትልቅ ገንዘብ የጠራም በአራት ወር ከፋፍሎ እንዲከፍል አደረግን። ቃልና ክፍያ በአንድ ሌሊት ካልተገናኙ መራራቃቸው አይቀርም።

ሰዓቱንም አስቡበት። እሑድ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢጀመር፣ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ዋሽንግተን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል፤ የምሥራቁ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ምሳ በልቷል፣ የምዕራቡ ግን ገና ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል።

ጎፈንድሚና መሰሎቹ

ለድንገተኛ ነገር ፍጥነታቸው ተወዳዳሪ የለውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ እንደታየው ያለ አደጋ ሲደርስ የወር ዝግጅት የሚጠይቅ መንገድ አይጠቅምም። ነገር ግን ጎፈንድሚን ከኢትዮጵያ ሆኖ መክፈት አይቻልም፤ ከእስራኤልም ከባሕረ ሰላጤውም እንዲሁ። ከፋቹ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ ወይም መድረኩ ከፈቀዳቸው ሌሎች አገሮች በአንዱ የሚኖር ሰው መሆን አለበት፤ ገንዘቡም በእሱ ባንክ ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄው «ማን ይክፈት?» ወደሚለው ይዞራል። በግለሰብ ስም የተከፈተ ዘመቻ ለሰጪው የግብር ቅናሽ አያስገኝለትም፤ የከፋቹን ሒሳብም ከድርጅቱ ጋር ያቆራኛል። በዚያው መድረክ ላይ በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም የሚከፈት ዘመቻ ግን ገንዘቡ በቀጥታ ለድርጅቱ ስለሚሄድ ይህ ችግር የለበትም። ምርጫ ካላችሁ ሁለተኛውን ያዙ። በአሜሪካ ብቻ ለሚሠራው ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ ማስተላለፊያ፣ ለዜልም ተመሳሳይ ነው፤ ክፍያ የለበትም፣ ግን በግል ስልክ ቁጥር ላይ ከሆነ ያው የግል ሒሳብ ነው።

ግሎባልጊቪንግ

በ2002 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የተመሠረተ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ ድርጅት በራሱ ስም ሊገባበት ከሚችላቸው ጥቂት መድረኮች አንዱ ነው። ክፍያው ከ5 እስከ 12 በመቶ ሲሆን፣ ለካርድ ማስተላለፊያ 3 በመቶ ይጨመርበታል፤ ከ100 ዶላር ከ85 እስከ 92 ይደርሳችኋል ማለት ነው። በአሜሪካ ያለ ሰጪም የግብር ደረሰኝ ያገኛል።

ውድ ነው? ነው። ግን የሚገዛላችሁ ነገር አለ፤ እናንተን የማያውቅ ሰጪና ድርጅታችሁን የመረመረ ሦስተኛ ወገን። ለመግባት ሰነዶቻችሁን ያጣራሉ፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከበርካታ ሰጪዎች የተወሰነ ገንዘብ እንድታሰባስቡም ይፈትኗችኋል። ከገባችሁ በኋላ በየጊዜው ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጻፍ ግዴታ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት።

በውጭ አገር የተመዘገበ ቅርንጫፍና የወር መዋጮ

ጊዜ የሚፈጅ ቢሆንም ለረጅም ዕድሜ የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አሜሪካ ውስጥ 501(ሲ)(3) የሆነ፣ ማለትም ከግብር ነጻ የተደረገ የበጎ አድራጎት አካል ካላችሁ ሰጪው የሰጠው ገንዘብ ግብር ከሚከፍልበት ገቢ ሊቀነስለት ይችላል፤ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ መስጠት እንዳለባችሁ አትርሱ። እንግሊዝ ውስጥ ግብር ከፋይ ሰጪ ለተመዘገበ ድርጅት በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በአንቀጽ 46 ለጸደቀ ዓሙታ (ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር) ከሰጡ 35 በመቶው ከግብራቸው ይታሰብላቸዋል። ይህን የማያውቅ ገንዘብ ጠያቂ ገንዘብ እየጣለ ነው።

ራሳችሁ መመዝገብ ከከበዳችሁ በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር መግባት ይቻላል፤ ጥላ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። ለወር መዋጮ ሰው ሲመዘገብ ልክ እንደ እድር አስቡት። መጠኑ ትንሽ ይሁን፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ ዝርዝሩ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። በወር 20 ዶላር የሚሰጡ 50 ሰዎች በዓመት 12,000 ዶላር ናቸው፤ ይህ ለምሳ ፕሮግራም ከአንድ ሌሊት ቴሌቶን ይልቅ የሚታመን ገንዘብ ነው፤ ልጆቹ የሚበሉት በየቀኑ ነውና።

ስለ ሕጉ

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ የሌለው ሰው በኦንላይንም ቢሆን መዋጮ መሰብሰብ አይችልም፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያም እንዲሁ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነው የምትፈቅደው። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለችን እህት «የዋትስአፕ ቡድን ክፈችና አሰባስቢልን» ማለት ሥራዋንና መኖሪያዋን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። እሷ ራሷ መስጠት ከፈለገች በሕጋዊ የገንዘብ ማስተላለፊያ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ትላክ፤ ሰብሳቢ አታድርጓት።

አሜሪካም ቢሆን 40 ገደማ ግዛቶች ከሕዝብ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ሕዝባዊ ማሰባሰቢያ ከመጀመራችሁ በፊት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን ጠይቁ። «በጥቁር ገበያ ቢላክ ይበዛ ነበር» የሚል ምክር የሚሰጥ ወዳጅ አይጠፋም። በዚያ መንገድ የመጣ ብር ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለው ብር ደግሞ ለኦዲተር አይነገርም።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ለየትኛው ሰጪ | ከ100 የሚደርሰው | የሰጪው ስም ይቀራል? | የግብር ቅናሽ በውጭ | የሚፈጀው ዝግጅት |
|---|---|---|---|---|---|
| አጭር ቁጥር | አገር ውስጥ፣ ሰፊ ሕዝብ | በውሉ ይወሰናል | አይቀርም | የለም | ወራት |
| ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ | አገር ውስጥ | ከሞላ ጎደል ሙሉው | በከፊል | የለም | ቀናት |
| የዩቲዩብ ሱፐር ቻት | አገልግሎቱ ባለበት አገር ያለ ተመልካች | 70 | አይቀርም | የለም | ቀናት |
| የቲክቶክ ስጦታ | አገልግሎቱ ባለበት አገር ያለ ተመልካች | ከሁሉ ያነሰ | አይቀርም | የለም | ሰዓታት |
| የዙም ቴሌቶን | ዳያስፖራ | በመክፈያው ይወሰናል | ይቀራል፣ ከተመዘገበ | በተቀባዩ ይወሰናል | ሳምንታት |
| ጎፈንድሚ | አሜሪካ፣ አውሮፓ | 97 ገደማ | ይቀራል | በተመዘገበ ድርጅት ስም ብቻ | ሰዓታት |
| ግሎባልጊቪንግ | የውጭ አገር ሰጪ | 85–92 | ይቀራል፣ ሰጪው ከፈቀደ | አለ | ወራት |
| የራስ ቅርንጫፍና የወር መዋጮ | ዳያስፖራ | 96–97 | ሙሉ በሙሉ | አለ | ከወራት እስከ ዓመት |

የጎፈንድሚና የወር መዋጮ ቁጥር የካርድ ክፍያውን ብቻ ያሰላ ነው። በሌላ ድርጅት ጥላ ሥር ካላችሁ የእሱን ድርሻ ቀንሱ።

ለማን የትኛው?

ሦስት ሰዎች ሆናችሁ በሰፈር ልጆችን የምትመግቡ ከሆነ፣ በድርጅቱ ስም የነጋዴ ቁጥር አውጡና በኪውአር ጀምሩ። የሰጪዎች መዝገብ በኤክሴል ያዙ። ለአንድ ዓመት ሌላ ነገር አትንኩ።

ውጭ አገር ከ30 የማይበልጡ ደጋፊዎች ካሏችሁ ቴሌቶን አታስቡ። አንድ በአንድ ደውሉላቸው፤ ለወር መዋጮ ይመዝገቡ፤ የተመዘገበ ድርጅት ጥላ ፈልጉ። የአሜሪካ ሰጪ ብዙ የሚሰጠው የግብር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ከመድረሱ በፊት ነው፤ ደብዳቤያችሁ ከኅዳር አጋማሽ በፊት ይድረሰው።

በሕዝብ የምትታወቁ ከሆነና አንድ ትልቅ ግንባታ ለመጨረስ ከፈለጋችሁ የቀጥታ ስርጭት፣ ቴሌብርና የባንክ ሒሳቦች አንድ ላይ ይሥሩ፤ አጭር ቁጥሩን የምታስቡትም እዚህ ላይ ነው። ስልክ የሚያነሡና ክፍያ የሚያመሳክሩ ቢያንስ ስድስት ሰዎች ከካሜራው ጀርባ ይቀመጡ።

እንግሊዝኛ ሪፖርት የሚጽፍ ሠራተኛና የተጣራ የሒሳብ ሰነድ ላላቸው ግሎባልጊቪንግ ይሞከር።

ድንገተኛ አደጋ ከሆነ በውጭ ያለ የተመዘገበ አጋር ድርጅት በዚያው ቀን ዘመቻ ይክፈት። የቁጥሩን ጭማሪ በየሦስት ቀኑ፣ የተገዛውን እህልና ድንኳን ደግሞ ከነደረሰኙ በዚያው ገጽ ላይ ይለጥፍ። ዘመቻው የሚዘጋበትን ቀንም ከመጀመሪያው ይጻፍ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ገንዘብ ለምን እንደሚውል ሰጪው ሳይከፍል በፊት ማወቅ አለበት።